መጠይቅ፣ ቃለ መጠይቅ ወይስ መማሪያ መጽሐፍ? በትምህርት ፍትሐዊነትና ማንነት ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚሠሩ

የካቲት ሲገባ ቢሮዬ በር ላይ ወረፋ ይጀመራል። የሚመጣው ተማሪ አንድ ገጽ ወረቀት በእጁ ይዟል። ርዕሱን ሳላየው መገመት እችላለሁ፦ «የሴት ተማሪዎችን ውጤት የሚጎዱ ምክንያቶች ዳሰሳ፤ በእገሌ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተተኳሪነት።» «በምን ልታጠናው አሰብክ?» ስለው መልሱም ያው ነው፤ «በመጠይቅ ነዋ፣ መምህር።» «ለምን በመጠይቅ?» ስለው ግን ዝም ይላል። ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች በመጠይቅ ስለሠሩ ነው። እነሱም ከእነሱ በፊት የነበሩትን አይተው ነው።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ዝምታ ነው። እጃችሁ ላይ ያለው አንድ መንፈቅ፣ ለፎቶ ኮፒ የሚሆን ጥቂት ብርና አንድ አማካሪ ነው፤ አማካሪው ደግሞ ሌሎች አሥራ አምስት ተማሪዎች አሉበት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናም ተጨምሯል። በዚህ ሁኔታ ላይ ሆናችሁ መንገድ ስትመርጡ ምን እንደምታገኙና ምን እንደምታጡ ላሳያችሁ። ለሁሉም መንገድ እኩል ቦታ አልሰጥም፤ እኩል አይደሉምና።

ጥያቄው የትኛው ነው?

«ፍትሐዊነት» እና «ማንነት» በአንድ ርዕስ ውስጥ ተጣምረው ስለሚመጡ አንድ ይመስላሉ፤ የሚጠይቁት ሥራ ግን ለየቅል ነው። ፍትሐዊነት ከእኩልነትም ይለያል። አንድ ትምህርት ቤት ለሁሉም ተማሪ አምስት አምስት ደብተር ቢያድል እኩል አድሏል። ማየት ለተሳናት ተማሪ ግን ያ ደብተር ምንም አያደርግላትም፤ የሚያስፈልጋት የብሬል ወረቀት፣ ስሌትና ስታይለስ (የብሬል መጻፊያ ሰሌዳና መውጊያ) ነው። ስለ ፍትሐዊነት ስትጠይቁ ማን አገኘ፣ ማን ቀረበት፣ በምን ምክንያት እያላችሁ ነው። ይህ በአብዛኛው ይቆጠራል።

የማንነት ጥያቄ አይቆጠርም። ቤቱ ሲዳምኛ ሲነገር ሰምቶ ያደገ ልጅ፣ በአማርኛ በሚሰጥ ትምህርት ላይ መልሱን እያወቀ እጁን ለምን እንደማያወጣ ሠንጠረዥ አይነግራችሁም። ራሱ ይነግራችኋል፤ ያውም ከተማመናችሁ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ርዕሳችሁን አንብቡና «ስንት» የሚል መልስ ይፈልጋል ወይስ «እንዴት» የሚል ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱንም ይፈልጋል የምትሉ ከሆነ አንዱን ለማስተርስ አስቀምጡት።

የጽሑፍ መጠይቅ

የሚወደድበት ምክንያት ይገባኛል። ሳይንሳዊ ይመስላል፤ ቀመር አለው። ትምህርት ቤቱ 1,200 ተማሪ አለው እንበል። ስሕተቱን 5 በመቶ አድርጋችሁ ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት በሚያሰላው በያማኔ ቀመር ስታሰሉት ናሙናው ልክ 300 ይወጣል። ልብ ደስ ይለዋል። ቀመሩ የሚሠራው ግን ሦስት መቶዎቹ ከስም ዝርዝር ላይ በዕጣ ሲመረጡ ነው። በተግባር የሚሆነው ደግሞ ርዕሰ መምህሩ «መምህር የሌለበት ክፍል ይኸውና» ብለው ወደ 10ኛ «ሐ» ይልኳችኋል፤ እናንተም እዚያ የተገኘውን ሁሉ ታስሞላላችሁ። ይህ አመቺ ንሞና ነው፤ ነውርም የለውም። ነውሩ «በዘፈቀደ ንሞና»፣ ማለትም በዕጣ የተመረጠ፣ ብሎ መጻፉ ነው።

ድካሙንም አስሉት። ሠላሳ ጥያቄ ያለው መጠይቅ 300 ሰው ሲሞላው 9,000 መልስ ኮምፒውተር ላይ መግባት አለበት። አራት ሆናችሁ ብትከፋፈሉት እንኳ ከአራቱ አንዱ ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ እንቅልፍ እያንገላጀጀው «3» ን «5» ብሎ ያስገባል።

እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ የሠራሁት በመጠይቅ ነበር፤ ስለ ተማሪዎች ማንነትና የክፍል ተሳትፎ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከዕድሜና ከጾታ ቀጥሎ፣ «ብሔር» የሚል ክፍት ቦታ አኖርኩ። ወረቀቶቹ ሲመለሱ አንዱ «ኢትዮጵያዊ» ብሎ ጽፏል። አንዷ «ሰው»። አንዱ የአባቱንና የእናቱን ጽፎ በመካከላቸው እዝባር አስምሮበታል። አንዷ መጀመሪያ ጽፋ ኋላ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ በእስክሪብቶ አጥፍታዋለች። ብዙዎች ባዶ ትተውታል። እኔ ምን አደረግሁ? እነዚህን ሁሉ ሰበሰብኩና «ሌሎች» በሚል ረድፍ ጠቀለልኳቸው፤ በመቶኛም አሰላሁላቸው። ጽሑፌ ውስጥ ስለ ማንነት የሚናገር አንድ ነገር ቢኖር ያ የተቀደደ ወረቀት ነበር። እሱን ጥዬ ሠንጠረዥ ቁጥር አራትን አስቀመጥኩ።

ከዚህ የምትወስዱት መጠይቅ ከንቱ ነው የሚለውን አይደለም። የሚቆጠር ነገር ጠይቁበት ነው የምለው። «የቤት ውስጥ ሥራ ጫና አለብኝ» ብላችሁ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» ብትዘረጉ ሁሉም «እስማማለሁ» ላይ ይከመራል፤ ለእናንተ ብሎ። «ትናንት ስንት ጊዜ ውኃ ቀዳሽ?» «ከቤት እስከ ትምህርት ቤት በእግር ስንት ደቂቃ ይፈጅብሃል?» «የሒሳብ መማሪያ መጽሐፍ ለብቻህ ነው ወይስ ተጋርተህ? ከስንት ሰው ጋር?» ብትሉ ግን ወንድና ሴት፣ የጠዋት ፈረቃና የከሰዓት ፈረቃ፣ የቅርብና የሩቅ ልጅ የሚለያዩበት ቁጥር ይወጣላችኋል። በአሥር ሰው ላይ ቅድመ ሙከራ አድርጉ። አሥሩም አንድ ዓይነት መልስ የሰጡበትን ጥያቄ ሰርዙት።

ሌላ ሰው የሰበሰበው ቁጥር

ይህን መንገድ የሚመርጥ ተማሪ በዓመት አንድ አያጋጥመኝም፤ ለፍትሐዊነት ጥያቄ ግን ከሁሉ የሚያዋጣው እሱ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚያወጣው የትምህርት ስታቲስቲክስ መጽሔት ተማሪውን በክልል፣ በጾታና በክፍል ደረጃ ከፋፍሎ ያቀርባል። ከእሱ ላይ የጾታ ምጣኔን ማስላት ቀላል ነው፦ የሴቶችን የተሳትፎ መጠን ለወንዶች ማካፈል። የሴቶቹ 72 በመቶ፣ የወንዶቹ 80 በመቶ ቢሆን ምጣኔው 0.90 ነው። በዩኔስኮ መለኪያ ከ0.97 እስከ 1.03 ያለው ተመጣጣኝ ይባላል።

ወጥመዱን ግን ልንገራችሁ። ምጣኔው ወደ 1 የሚጠጋው ሴቶች ሲገቡ ብቻ አይደለም፤ ወንዶች ሲያቋርጡም ይጠጋል። በግጭት ወይም በድርቅ ዓመት ወንዶቹ ለሥራ ቢሰደዱ ሠንጠረዡ «መሻሻል» ያሳያችኋል። ስለዚህ ምጣኔውን ብቻውን አትጥቀሱ፤ ሁለቱን መጠኖች ጎን ለጎን አስቀምጡ።

የ12ኛ ክፍል ውጤትም እንዲሁ ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4። አገር ሁሉ ስለ መቶኛው ተነጋግሯል። ለፍትሐዊነት ተመራማሪ የሚያጓጓው ሌላው ነገር ነው፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ መሆናቸው። የት የት ናቸው? ቤተ መጻሕፍት አላቸው? መብራትስ? ከአንድ ዞን ውስጥ ያሉትን ብቻ ይዞ ካሳለፉት ጋር ማነጻጸር የአንድ መንፈቅ ሥራ ነው። ቁጥሩን ከዞኑ ትምህርት መምሪያ በደብዳቤ ታገኛላችሁ።

እንግሊዝኛና ኮምፒውተር የማያስቸግራችሁ ከሆነ ያንግ ላይቭስ የተባለውን ጥናት ፈልጉት። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 3,000 ኢትዮጵያውያን ልጆችን በ20 ቦታዎች እያመላለሰ የተከታተለ ነው፤ መረጃው ለተመዘገበ ተመራማሪ በነጻ ይሰጣል። ቦታዎቹ ሲመረጡ ለድሃ አካባቢዎች ክብደት ተሰጥቷል፤ ስለዚህ «የኢትዮጵያ ልጆች በሙሉ» ብላችሁ አትደምድሙበት።

ቃለ መጠይቅ

ርዕሳችሁ ማንነት ከሆነ ስድስት ወይም ስምንት ሰው ይበቃችኋል። «ስምንት ሰው ብቻ?» ብሎ የሚያፋጥጣችሁ ፈታኝ አይጠፋም። መልሳችሁ አጭር ይሁን፦ ስንት ሰው እንደዚህ እንደሚያስብ አልጠየቅሁም፤ እንዴት እንደሚያስቡ ነው የጠየቅሁት።

ድካሙ ከመጠይቅ ያነሰ እንዳይመስላችሁ። የአንድ ሰዓት ቅጂ ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ ለመመለስ አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ስምንት ሰው ማለት አንድ ሙሉ ሳምንት ጆሮ ላይ ማዳመጫ ሰክቶ መዋል ነው። ደግሞም ለሌላ ሰው አትስጡት። ሰውየው የት ላይ ዝም እንዳለ፣ የት ላይ ሳቅ እንደቀደመው የምታስተውሉት እየገለበጣችሁ ነው።

ዋናው ነገር የጥያቄው አቀራረብ ነው። «በማንነትህ ምክንያት አድልዎ ደርሶብሃል?» ብላችሁ ብትጠይቁ «አይ፣ ሁላችንም ወንድማማች ነን» የሚል መልስ ታገኛላችሁ። ይሉኝታ አለ፤ ፍርሃትም አለ። ቀኑን ጠይቁ እንጂ አድልዎውን አትጠይቁ። «ግቢ የገባህ ዕለት የዶርም ምደባ በር ላይ ተለጥፎ ስምህን ስትፈልግ፣ ከስምህ በላይና በታች የማን ስሞች ነበሩ? ምን አሰብክ?» «የመጀመሪያውን ምሳ ካፌ ውስጥ ከማን ጋር በላሽ?» እንዲህ ስትጠይቁ ሰው ማስታወስ ይጀምራል፤ ከማስታወሱ ውስጥ ደግሞ የምትፈልጉት ይወጣል።

አንድ ጊዜ የማማክራት ተማሪ ያመጣችው ቅጂ አይረሳኝም። ቃለ መጠይቅ የተደረገለት ልጅ ስሙ በከተማው ያልተለመደ ነው። «ስም ሲጠራ ክፍሉ ይስቃል» ይላል፤ ትንሽ ዝም ብሎ «እኔም አብሬ እስቃለሁ።» ተማሪዬ ይህን በእንግሊዝኛ ስትጽፈው «መላሹ በስሙ ምክንያት መገለል እንደደረሰበት ገልጿል» የሚል ሆኖ ወጣ። «አብሬ እስቃለሁ» የት ገባ? የምዕራፉ ልብ እኮ እሱ ነበር። መልሳ አስገባችው፤ ምዕራፉም ዙሪያውን ተዋቀረ።

የቋንቋው ጉዳይ ከባድ ነው። ልጁ በሲዳምኛ ያሰበውን በአማርኛ ይነግራችኋል፤ እናንተ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሱታላችሁ። ሁለት ጊዜ የተተረጎመ ሰው ምን ይተርፈዋል? የምትችሉ ከሆነ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ጠይቁ፤ ካልቻላችሁ የሚችል የቡድን ባልደረባ ይጠይቅ። «አንገቴን ደፋሁ» የሚለውን ቃል «አዘንኩ» ብላችሁ አትተርጉሙት፤ የመጀመሪያውን በፊደሉ አስቀምጡና ትርጉሙን ከሥሩ ጻፉ። የምትማሩት ትምህርት ክፍል ጽሑፉን በአማርኛ ወይም በሌላ የአገር ቋንቋ እንድታቀርቡ የሚፈቅድ ከሆነ ከራስ ምታቱ ግማሹ ተነሣላችሁ።

ስለ ምሥጢር ጠባቂነትም እግረ መንገዴን ላንሣ። ስም መቀየር አይበቃም። «በ11ኛ ክፍል ያለችው ማየት የተሳናት ተማሪ» ብላችሁ ከጻፋችሁና በትምህርት ቤቱ ያለችው አንዲት ብቻ ከሆነች፣ ስሟን «ሀ» ብትሏትም ወረዳው በሙሉ ያውቃታል። ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የእሷም ጭምር።

መማሪያ መጽሐፍ

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ጊዜ ለጠበበው ተማሪ ከሁሉ የምመርጥለት ይህንን ነው። የድጋፍ ደብዳቤ፣ ትራንስፖርትም ሆነ «ነገ ተመለሱ» የለበትም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ አዳዲስ መጻሕፍት ታትመዋል፤ በኮምፒውተር የሚነበበውም ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አሮጌዎቹ ደግሞ በየቤቱ ሳጥን ውስጥ አሉ።

አንድ ትምህርትና አንድ የክፍል ደረጃ ምረጡ፤ ለምሳሌ የ4ኛ ክፍል አማርኛ፣ አሮጌውና አዲሱ። በመጀመሪያ ሥዕሎቹን ቁጠሩ፦ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ምን ሲሠሩ። ማን ያርሳል፣ ማን ያክማል፣ ማን እንጀራ ይጋግራል። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አለ? ካለስ ሰው ሲረዳው ነው ወይስ ሲያስተምር? ቤቶቹ የቆርቆሮ ናቸው ወይስ የሣር፤ የአርብቶ አደር ቤት ይታያል? ቀጥሎ ወደ ሰዋስው ልምምዶቹ ሂዱ። ማንም የማያስተውላቸው እነሱ ናቸው፤ ደራሲው ግሥ ለማስተማር ሲል ሳያስበው ዓለሙን የሚያሳይባቸው። «አልማዝ ውኃ ቀዳች። ገመቹ ኳስ ተጫወተ» የሚል ዓረፍተ ነገር ኃላፊ ጊዜን ብቻ አያስተምርም።

የሚያጋጥማችሁ ችግር ሁለት ሰው አንድን ሥዕል በተለያየ መደብ ውስጥ መመደቡ ነው። ለሁለት ሆናችሁ ሃያ ሥዕል ተለያይታችሁ መድቡና አወዳድሩ። ከሃያው በስድስቱ ካልተስማማችሁ መመደቢያችሁ ግልጽ አይደለምና አስተካክሉት። ቆጠራው ሲያልቅም ሦስት ሥዕሎችን መርጣችሁ እያንዳንዱን በአንድ ገጽ ተንትኑ። ቁጥሩ ምዕራፉን ይሸከመዋል፤ የሚነበበው ግን ትንታኔው ነው።

ጉድለቱ አንድ ነው፤ መጽሐፉ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ፣ ልጁ ምን እንደሰማ አታውቁም። ይህንን በመግቢያችሁ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብትናገሩት ማንም አይወቅሳችሁም።

ምልከታ፣ እና የሚረሳው የቤተ መዛግብት መንገድ

ክፍል ውስጥ ገብቶ ማየት ጥሩ ነው፤ ግን መምህሩ እናንተን ሲያይ ይለወጣል። ከሦስተኛው ቀን በፊት ያያችሁትን እንደ ልምምድ ቁጠሩት። የመቀመጫውን ንድፍ ሣሉና በ40 ደቂቃ ውስጥ ማን እንደተጠየቀ ምልክት አድርጉ፤ ከኋላ መስኮቱ ሥር የተቀመጡት ስንት ጊዜ እንደተጠሩ ስታዩ ትገረማላችሁ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ስለ ቤተ መዛግብቱ ግን አለኝ። የትምህርት ፍትሐዊነትና ማንነት በአገራችን ትናንት የመጣ ጉዳይ አይደለም፤ ያነሡትም ራሳቸው ተማሪዎችና መምህራን ናቸው። ዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦችን ጥያቄ አስመልክቶ ጽሑፉን ያወጣው በ1962 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ነው። ተስማማችሁም አልተስማማችሁም፣ በአንድ ተማሪ እጅ የተጻፉ ጥቂት ገጾች ምን ያህል ርቀት እንደሄዱ ታውቃላችሁ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ከተቃወሟቸው ነገሮች አንዱ «ሴክተር ሪቪው» እየተባለ የሚጠራው የትምህርት ዕቅድ ነበር፤ የድሃ ልጅ ከጥቂት ዓመት ትምህርት አልፎ እንዳይሄድ ያደርጋል ተብሎ ስለተፈራ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የማስተማሩን ፖሊሲ ያወጣው የ1986 ዓ.ም. ሰነድ ገና ሳይታሰብ። የዚያን ጊዜ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) አለ፤ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም ቅርብ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዘማቾቹ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ምናልባት አንዷ አክስታችሁ ናት። አዲስ አበባ ላይ ላላችሁ ይህ መንገድ ከመጠይቅ የበለጠ ድካም የለውም፤ ፈታኙም ሌላ አምስት ጊዜ ያነበበው ርዕስ አይደለም።

የራስ ወገን ወይስ የሌላ፤ ብቻ ወይስ በቡድን

የራሳችሁን ማኅበረሰብ ስታጠኑ በሩ ቶሎ ይከፈታል፤ ነገር ግን «ይህማ የታወቀ ነው» እያላችሁ የምታልፉት ይበዛል። ሌላውን ስታጠኑ ሁሉም ነገር ያስደንቃችኋል፤ የሚነገራችሁ ግን ለእንግዳ የሚነገረው ነው። እኔ ለመጀመሪያ ሥራ የራስን እመክራለሁ፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ የተጻፈውን ከዚያ ወገን ያልሆነ ጓደኛ ያንብብና ያልገባውን ያስምርበት።

አካል ጉዳትን በሚመለከት ግን ጠንከር እላለሁ። በቡድናችሁ ውስጥ አካል ጉዳተኛ ተማሪ ከሌለ ጥያቄዎቻችሁን ወደ ትምህርት ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት በግቢያችሁ ላሉ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች አሳዩ። ሰው እንዳያዝንላቸው የሚፈልጉ ሰዎችን «ችግሮቻችሁን ዘርዝሩ» በሚል መጠይቅ ማሳዘን ቀላል ነው።

የቡድን ሥራ በአብዛኛው አንድ የሚሠራ፣ ሦስት የሚፈርሙ ማለት ነው። በማንነት ርዕስ ላይ ግን ከተለያየ አካባቢ የመጣችሁ አራት ከሆናችሁ ያ ራሱ ሀብት ነው። አንዱን ቅጂ አራታችሁ ለየብቻ አንብቡና ምን ላይ እንዳሰመራችሁ ተያዩ። አንዱ ቀልድ ነው ያለውን ሌላው ስድብ ነው ካለ፣ ሁለቱንም ጻፉ።

አሁን ወደ ደብዳቤው። ከትምህርት ክፍሉ የሚጻፈው የድጋፍ ደብዳቤ ማኅተም እስኪያገኝ፣ ከዚያ በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ገብቶ እስኪመራ፣ ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ከስብሰባ እስኪመለሱ ሦስት ሳምንት ያዙለት። ከግንቦት አጋማሽ በኋላ ክፍሉ ሁሉ ለፈተና ክለሳ ነው፤ በሰኔ ማንም አያስገባችሁም። ወደ ትምህርት ቤት የሚያስገባ መንገድ ከመረጣችሁ ደብዳቤው በዚህ ሳምንት ይጻፍ። መጋቢት እኩሌታ ላይ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ከሆነ ግን የ4ኛ ክፍሉን አማርኛ መጽሐፍ ፈልጉ።